ሐጂ ከድር ያልጠየቁት ቤት

በሱዳን፣ በገዳሪፍ የሰሊጥ ገበያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጆንያ እየሰፉና እየሸጡ የኖሩት ሐጂ ከድር ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ ዐርፈዋል። ሦስት ቀን ወባ አንገላታቸው፤ በአራተኛው ልባቸው አልቻለም። መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ስንዞር ግማሹን አገኘን፣ ግማሹን አጣን፤ ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ እንዲህ ነው። በዚያው ዕለት ከዐስር ሶላት በኋላ ቀበርናቸው። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ስለነበር ጉድጓዱ ውኃ እየያዘ አስቸግሮን ነበር።

ይህን የምጽፈው ለሚያውቋቸው ሁሉ ነው፤ እዚህ ገዳሪፍ፣ ገላባትና ከሰላ ላላችሁ፣ ድንበሩን ተሻግራችሁ መተማና ጎንደር ለገባችሁም ጭምር። መልካምነታቸውን ብቻ ጽፌ ብቀመጥ ደስ ባለኝ። ግን ለቅሶ ቤት ተቀምጬ አንድ ነገር ጆሮዬ ገባ። «ደግ ሰው ነበሩ፤ ያችን የትግራይ ሴትዮ ለይተው ባያልፏት ኖሮ» አለ አንዱ። አጠገቡ ያለውም «እሱስ አዎ» ብሎ ሻዩን ፉት አለ።  እኔ የዚያን ቀን ከጎናቸው ነበርኩ። ያ ቤት ለምን ሳይጠየቅ እንደቀረ ከእሳቸውም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። አፈሩ ሳይደርቅባቸው ስማቸው እንዲህ ሲበላሽ ዝም ብዬ ከተቀመጥኩ እኔስ ምኑን ሰው ሆንኩት? ጀማል ነኝ፤ ከሱቃቸው ቀጥሎ ጆንያ የምሸጠው።

ከመተማ ተሻግሬ ገዳሪፍ ስገባ ገና የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ዐረብኛ አላውቅ፣ ሰው አላውቅ። ሐጂ በራቸው ላይ ቆሜ ሲያዩኝ የማን ልጅ ነህ እንኳ ሳይሉ የጆንያ መርፌና ሲባጎ ሰጥተው «ይህን ቀዳዳ ዝጋልኝ» አሉኝ። ዘጋሁት። አገላብጠው አዩትና «ይህ ስፌት ነው ወይስ ቁስል?» ብለው ፈቱት። እስከ ምሳ ሦስት ጊዜ ፈቱብኝ፤ ከዚያ አብረን ፉል በላን። በማግስቱ ደግሞ ሳይጠሩኝ ሄድኩ።

ሱቃቸው ከሰሊጥ ማበጠሪያው ማሽን ጋር ግድግዳ ይጋራል። ማሽኑ በመኸር ወራት ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ስለሚውል እዚያ አካባቢ ያለን ሰዎች ሁሉ የምናወራው እየጮህን ነው። ቤታችን ገብተንም እንጮሃለን፤ ሚስቶቻችን «ምን ሆነህ ትቆጣለህ?» ይሉናል። ሐጂ ጆሯቸው እየደከመ የመጣው በዚያ ማሽን ነው። በተለይ ግራው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ጨርሶ አይሰማም ነበር። እሳቸው ግን ልብ አላሉትም፤ ሁሉም ሰው ስለሚጮህላቸው በምን ይወቁት? እኔ አውቄ ነበር። ሳናግራቸው በቀኝ በኩል መዞር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ።

ለአጨዳ ወደ ፋሽጋ እርሻዎች የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ጓዛቸውን እሳቸው ዘንድ ያስቀምጡ ነበር። ሐጂ እያንዳንዱን በአሮጌ ጆንያ ጠቅልለው፣ አፉን ሰፍተው፣ ከጣሪያው ብረት ላይ ያንጠለጥሉታል። ባለቤታቸው ሳይመለስ ዓመታት ያለፏቸው ጓዞች አሉ። አንድ ቀን «ሐጂ፣ ይህ እኮ አቧራ ጠገበ፤ እንጣለው» ብላቸው እንዴት እንደተቆጡኝ! «ሰውየው ሲመጣ ምን ልለው ነው? ጀማል አቧራ ጠላ ልበለው?» አሉኝ። ጓዞቹ ዛሬም እዚያው ተንጠልጥለዋል።

ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ግን በሠርግ ነው። እኛ አገር የለቀቅን ሰዎች ልጅ ስንድር ትልቁ ራስ ምታታችን ሠርጉ ምን ያህል ይሁን የሚለው ነው። መስጊድ ኒካሕ አስረን፣ ተምር አድለን፣ በጀለቢያችን ወደ ቤታችን እንግባ? ወይስ ድንኳን ይተከል፣ ወንበር ይደርደር፣ ሙሽራው ሱፍ ከነከረባቱ ይልበስ? ሲያንስ «ልጁን እንደ ሌባ ደብቆ ዳረ» ይባላል፤ ሲበዛ «ሰው እያለቀ እሱ ይጨፍራል» ይባላል። ይህ የጨነቀው ሁሉ ሐጂ ዘንድ ይመጣል።

መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር። «ከምትጠራቸው ሁሉ ድኻው ማነው? በምን ልብስ ይመጣል?» ይላሉ። ባለሠርጉ ስሙን ሲጠራ «እንግዲህ ሠርግህን እሱ ሳይሸማቀቅ የሚገባበት አድርገው» ይሉታል። አንድ የሞላለት ነጋዴ አዳራሽ ይዞ፣ የጥሪ ወረቀቱ ላይ «ሙሉ ልብስ» ብሎ ሊያጽፍ ሲል፣ ሰሊጡን የሚሸከሙለትን ሠራተኞች አስጠርተው ፊቱ አቆሟቸው። «በል፣ ሙሉ ልብስ ያለውን ምረጥ» አሉት። ሰውየውን ላብ አሰመጠው። ሠርጉ በግቢው፣ ምንጣፍ ላይ ሆነ።

ትንሽ ሠርግ ብቻ የሚወዱ እንዳይመስላችሁ። ወላጅ የሌላቸው ሁለት ስደተኞች ሊጋቡ ሲሉ ሰው ሁሉ «ኒካሑ ይበቃቸዋል» አለ። ሐጂ ቱግ አሉ። «ስደተኛ ሲበላ ትንሽ፣ ሲተኛ ትንሽ፤ ሲያገባም ትንሽ? ኧረ አላህን ፍሩ!» ብለው ራሳቸው ዞረው ወንበር ለመኑ፣ ድንኳን አስተከሉ። ልጅቷ የለበሰችውን ነጭ ቀሚስ ከየት እንዳመጡት እስከ መጨረሻው አልነገሩንም።

የከበሮው ጉዳይ ደግሞ ሥርዓት ነበረው። እዚህ ሴቶች የሚመቱት ደሉካ የሚባለውን የሸክላ ከበሮ ነው። ሠርጉ ነገ ሊሆን፣ ሐጂ በዋዜማው ጠዋት መጥተው በባለሠርጉ ግቢ ደሉካውን ያስመታሉ። ከዚያ በትራቸውን ይዘው ይወጣሉ። ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ በአራቱም በኩል ይሄዳሉ፤ በጠፋበት ይቆማሉ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ቤት ሁሉ አንድ በአንድ ያንኳኳሉ። ሱዳኒ ይሁን ሐበሻ፣ እስላም ይሁን ክርስቲያን፣ «ነገ ሠርግ አለን፤ ሐዘን አለባችሁ ወይ? ከበሮ ብንመታ ቅር ይላችኋል?» ይላሉ። አንድ ቤት ቅር ይለኛል ካለ ከበሮ የለም፤ አለቀ። «የደስታችን ድምፅ የሚደርሰው ሰው ሁሉ የተጠራ እንግዳችን ነው» ይሉ ነበር። የድምፅ ማጉያ የተነሳባቸው እንደሆነማ «እሱን ለመለካት ከሰላ ድረስ በእግሬ ልሂድልህ?» ብለው ያባርሩናል።

ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ይህ ዙር ከባድ ሆነ። ከተማው ከካርቱም በተፈናቀለ ሰው ሞላ፤ ያንኳኳነው ቤት ሁሉ የሞተ ወይም የጠፋ አለበት። የሚገርመው፣ ብዙዎቹ «ምቱ፣ በረካ ነው» ይሉን ነበር። ሐጂ ፈቃዱን ካገኙም በኋላ ቶሎ አይነሱም። የሟቹን ስም ጠይቀው፣ ተቀምጠው፣ ፋቲሓ አድርገው ነው የሚወጡት።

ወደ እኔ ጉድ ልምጣ። ባለፈው መኸር ማብቂያ ልጄን ሰሚራን ዳርኩ። የሙሽራው ቤተሰቦች ከካርቱም የሸሹ ናቸው፤ ሰባት ሆነው አንድ ክፍል ውስጥ ይኖራሉ። ትንሽ ሠርግ ነው የፈለጉት። ሰሚራም «ያባ፣ ዐቅዱ ብቻ ይበቃል፣ ወላሂ» አለችኝ፤ ኒካሑን ማለቷ ነው። አሻፈረኝ ያልኩት እኔ ነኝ። እናቷን ሐዋን ያገባኋት በሰው ግቢ፣ በተውሶ ጀለቢያ ነው፤ አንድ ሰው እንኳ ከበሮ አልመታልንም። ሃያ አምስት ዓመት በሰው ሠርግ ሳጨበጭብ ኖርኩ። ተራዬ ደረሰ ብዬ ልቤ ተንሰፈሰፈ።

ሐጂ ነገሬን ሰምተው «ይህ ሠርግ የማን ነው?» አሉኝ።

«የልጄ ነዋ» አልኩ።

«ልጅህማ አልፈልግም ብላለች። እንግዲያው የአንተ ነው» አሉ። ከዚያ ፊቴን አይተው አዘኑልኝ መሰለኝ፣ «ደግ ነው፣ የአንተም ይሁን። ግን እንለካዋለን» አሉ።

በዋዜማው ጠዋት ሐዋ በግቢያችን ዳስ ጥላ ሥር ተቀምጣ ደሉካውን መምታት ጀመረች። እኔና ሐጂ ወጣን። በሦስቱ በኩል ሄደን ተመለስን። በአራተኛው በኩል ወፍጮ ቤቱ ጥግ ስንደርስ ሐጂ ቆሙ። ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡና «እዚህ ጋ ጠፋ» አሉ።

እኔ ግን እሰማ ነበር። የሐዋ ምት ቁልጭ ብሎ ይሰማኛል። ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ ደግሞ ሁለት ጠባብ መንገዶች አሉ፤ የሚበዙት የኪራይ ክፍሎች ናቸው፣ ከኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ የወጡ የትግራይ ሰዎች ይኖሩባቸዋል። በዚያው ዕለት ማለዳ ዳቦ ልገዛ ስወጣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሁለት ሴቶች ወደዚያ ሲገቡ አይቼ ነበር። ነጠላ መቼ እንደሚዘቀዘቅ የማያውቅ ሐበሻ የለም።

«አንተስ ትሰማለህ?» አሉኝ ሐጂ።

«እኔም አይሰማኝም» አልኳቸው፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። አመኑኝ፣ ተመለስን። ከወፍጮው ወዲህ ያለውን ቤት ሁሉ ጠየቅን፤ ሁሉም ፈቀደ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ ያኔ ደስ ነው ያለኝ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ኒካሑ ታሰረ፣ ምሳ ተበላ፣ ሴቶቹ ደሉካውን አሟሟቁት። እኔ አዲስ ጀለቢያዬን ለብሼ እንግዳ እየተቀበልኩ ነበር። አንዲት ሴት በሩ ላይ መጥታ ቆመች። በዕድሜ ታናሽ እህቴን ታህላለች። ጥቁር ለብሳለች፣ ነጠላዋ ተዘቅዝቋል። ስሟ ለተብርሃን እንደሆነ ኋላ ነው ያወቅሁት።

«የማን ሠርግ ነው?» አለችኝ።

«የልጄ» አልኳት።

«እንኳን ደስ ያላችሁ» አለች።  ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐጂ ማዘኗን ከሩቅ አይተው በትራቸውን ይዘው መጡ። ነገረቻቸው። ደሉካው ይመታል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ ሐጂ አልሰሟትም። «ምን አልሽ ልጄ?» አሏት። ደግማ ነገረቻቸው። አሁንም አልሰሙም፤ ቀኝ ጆሯቸውን ወደ አፏ አስጠጉ። በሦስተኛው ጮኸች። «ልጄ ሞተ! ዛሬ ሣልስቱ ነው! ሃፍቶም ነው ስሙ፤ ቁረይሻ እርሻ ላይ ትራክተር ተገልብጦበት! መቃብሩንም አላየሁት!» አለች። ያኔ ደሉካው ቆመ። የልጇን ሞት በሰው ሠርግ መሃል ሦስት ጊዜ እንድትናገር ያደረግናት እኛ ነን።

ሐጂ መሬቱ ላይ፣ እግሯ ሥር ተቀመጡ። ሰባ ያለፋቸው ሰው! «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሏት።

«ወዲያ ማዶ ያለውን ቤት ሁሉ ጠየቃችሁ አሉ» አለች። «የእኔን ብቻ ለምን ዘለላችሁ? ብትጠይቁኝ እኮ እሺ ነበር የምለው። የሰው ሠርግ አልከለክልም ነበር።»

ይህን ብላ ዞራ ሄደች። ሰሚራ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ ወርቋን አወለቀች፤ እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው። በአጠገቤ ስታልፍ «ያባ፣ ዐቅዱ ብቻ ብዬህ ነበር» አለችኝ። ሴትየዋን ተከትላ ሄዳ፣ ሒናዋ ሳይለቅ፣ የሠርጓን ቀን ለቅሶ ተቀምጣ ዋለች።

ከዚያ ወሬው ተነሳ። ሐጂ የእስላሙንና የሱዳኒውን ቤት ጠይቀው የትግራይዋን ዘለሏት ተባለ። የእኛም የትግራዩም ወገን በዚያ በአገር ቤቱ ጦርነት የቆሰለ ነውና ወሬው እሳት ሆነ። ከሳቸው ጋር ዓመታት የኖረ ሰው ሰላምታ ነሳቸው። ሐጂ አንድም ቀን ራሳቸውን አልተከላከሉም። የሠርግ ጉዳይ ይዞ የሚመጣውን ሁሉ «እኔ ከዚህ በኋላ አልችልም» ብለው መለሱ። በየዓርቡ ከጁምዓ በኋላ ግን የለተብርሃን በር ላይ እየሄዱ ይቀመጣሉ። እኔም አብሬ እሄድ ነበር። ውኃ ትሰጠናለች። በሦስተኛው ሳምንት «አባቴ፣ እኔ ይቅር ብያለሁ፤ አይልፉ» አለቻቸው። እሳቸው ግን መሄዳቸውን አልተዉም።

አንድ ዓርብ ስንመለስ ወፍጮ ቤቱ ጥግ ላይ ቆሙ። «ጀማል፣ እውነቱን ንገረኝ» አሉ። «ያን ቀን እዚህ ስንቆም አንተ ትሰማ ነበር?»

አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ሰሚራ ምን ትላለች፣ ሐዋ ምን ትላለች፣ ገበያው ምን ይላል አልኩ። «የለም ሐጂ፣ ነፋስ ነበር» አልኳቸው።

 ከዚያ ያሉትን ቃል በቃል ነው የምጽፈው። «ለተብርሃን ይቅር ብላኛለች። እኔ ግን ለምን እንዳለፍኳት አላውቅም። ሰው የሚለው እውነት ይሆን? ከዚህ ወዲያ የእነሱ ሰፈር ነው ብሎ ልቤ እግሬን አቁሞት ይሆን? እንዲህ ያለ ክፋት ሳላውቀው ውስጤ ኖሮ ይሆን?» አሉ። ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም «ኧረ ሐጂ፣ እንዲህ አይበሉ» ብዬ አጽናናኋቸው። ማጽናኛዬ ይኸው ነበር።

ስምንት ወር እንዲህ አለፈ። ያመማቸው ዕለት እንኳ ትኩሳቱ ከብዶባቸው «ልቤ ይሆን?» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። የልብ ሕመም መስሎት ሐኪሙ ደረታቸውን አዳመጠ። እኔ ምን ማለታቸው እንደሆነ አውቃለሁ። ነገ ሲሻላቸው እነግራቸዋለሁ አልኩ።

ለተብርሃን ለቅሶው ቤት መጥታ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ነበር። ስትወጣ ተከትዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ድምፁን እንደሰማሁ፣ ሴቶቹን እንዳየሁ፣ እንደዋሸሁ። ቆማ ሰማችኝ። «ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አለች። «እኔ ይቅር ካልኩ ቆየሁ። ለእሳቸው ነበር መንገር። በየሳምንቱ በሬ ላይ ሲጨነቁ አጠገባቸው ተቀምጠህ ታይ አልነበር?» ብላ ጥላኝ ሄደች።  እውነቷን ነው።

እንግዲህ ለቅሶ ቤት ያንሾካሾካችሁ ሁሉ ስሙ፤ ከዛሬ ጀምሮ ነገሩን በእኔ ስም አንሱት። ሐዋና ሰሚራም ይህን የሚያነቡት ከእናንተ ጋር ነው። የሚሉኝን ይበሉኝ።

ሐጂ፣ አሁን ለእርስዎ ልናገር። የጠየቁኝ መልስ ይኸው፦ እሰማ ነበር። ነፋስ አልነበረም። እግርዎን ያቆመው ልብዎ አይደለም፤ ጆሮዎ ደክሞ ነበር፣ ሌላ ምንም የለም። ቢሰማዎ ኖሮ ከወፍጮ ቤቱ አልፈው በሯን ያንኳኩ ነበር፤ የልጇን ስም ይጠይቁ ነበር፤ አብረዋት ይቀመጡ ነበር። ሰው ሲጠራጠርዎ እርስዎም ራስዎን ተጠራጠሩ፤ ያንንም ያደረግኩት እኔ ነኝ። ያልነበረብዎትን ክፋት ስምንት ወር ሙሉ በደረትዎ ውስጥ ሲፈልጉ አንድ ቃል ነፈግኩዎ። መርፌ ያስያዙኝ፣ ያበሉኝ፣ ሰው ያደረጉኝ እርስዎን! ይቅር ይበሉኝ ልል አልችልም፤ ጊዜው አልፎብኛል። ደህና ይሁኑ፣ ሐጂ። ንጹሕ ነበሩ፤ ሳልነግርዎ ሞቱብኝ።